ስለ መምህራንና ስለ ሠራተኞች የሕክምና መድን

በንግድ ቤቶች ዘንድ ከማስተማር ሥራ የመጣ ሰው ለንግድ አይሆንም የሚል የቆየ አስተያየት አለ። መምህር ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ በቀር አያውቅም፣ ገበያ አልዋለበትም፣ ዋጋ መከራከር አይሆንለትም እየተባለ ይታማል። ይህ አስተያየት አሻሻጭ ለሚፈልግ ባለሱቅ ጥቂት እውነት ይኖረው ይሆናል። ለሠራተኞች ጥቅምና ለሕክምና መድን ሥራ ሲሆን ግን ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። በአሜሪካ አገር በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለሚገለገሉበት የሆስፒታል መድን መሠረት የሆነው አንድ የትምህርት ሰው ያስያዘው የሕመምተኞች መዝገብ መሆኑን ማወቅ፣ ለአስመጪውም ለላኪውም ለባለመደብሩም ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

ሚስተር ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1924 ድረስ በቴክሳስ፣ በዳላስ ከተማ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ነበሩ። በኢትዮጵያ የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚጠራው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ሲያስጨንቅ፣ የዳላስም መምህራን በብዛት ታመሙ። ኃላፊውም መምህራኑ በወር 1 ዶላር እያዋጡ፣ ሕመሙ ከአንድ ሳምንት ያለፈበት መምህር በቀን 5 ዶላር የሚያገኝበትን የመረዳጃ ገንዘብ አቋቋሙ። ገንዘቡ በትክክል እንዲከፈል ማን እንደታመመና ስንት ቀን እንደተኛ በየጊዜው መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ይህን የመሰለ መዝገብ ለትምህርት ቤት ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ተማሪ ሲቀር ስሙን መጻፍ የዕለት ሥራው ነውና።

ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1929 ሚስተር ኪምቦል በዚያው ከተማ የሚገኘውን የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። የሆስፒታሉን ሒሳብ ሲመረምሩ ብዙ ያልተከፈለ ዕዳ አገኙ። ከባለዕዳዎቹም መካከል ቀድሞ በስም የሚያውቋቸው መምህራን ብዙ ነበሩ። ሌላ አስተዳዳሪ ቢሆን ምናልባት ጠበቃ ይቀጥር ነበር። እሳቸው ግን የቀድሞውን የሕመም መዝገብ አስወጥተው ማስላት ጀመሩ። ሁሉም መምህራን ቢያዋጡ፣ ለሚታመሙት የሆስፒታል ወጪ በነፍስ ወከፍ በወር 15 ሳንቲም ያህል እንደሚበቃ ተረዱ። ለጥንቃቄ ሲባል መዋጮው በወር 50 ሳንቲም፣ በዓመት 6 ዶላር እንዲሆን ተወሰነ። በዚህም ክፍያ አንድ መምህር በዓመት እስከ 21 ቀን ድረስ በሆስፒታል ተኝቶ የመታከም መብት አገኘ። ዕቅዱም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 1929፣ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ ከሁለት ወር በኋላ፣ ከ1,200 በላይ በሆኑ መምህራን ተጀመረ።

በዚህ ውል ውስጥ ነጋዴ በተለይ ሊመለከተው የሚገባ አንድ አንቀጽ ነበረ። ከመምህራኑ ከመቶ 75ቱ ካልገቡበት ዕቅዱ አይጀመርም የሚል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጤነኛው ወደ ኋላ ብሎ ሕመምተኛው ብቻ ቢያዋጣ፣ የተዋጣው ገንዘብ ለወጪው ሊበቃ አይችልም። ነገር ግን ጤነኛ ሰው ነገ ለሚመጣ ሕመም ዛሬ ገንዘብ እንዲከፍል ማስረዳት ቀላል አይደለም። ረጋ ብሎ ማስተማርን፣ ጥያቄን ሳይቆጡ መመለስን፣ ከሁሉም በላይ መታመንን ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ የመምህር ሙያዎች ናቸው።

የዳላሱ ምሳሌ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችና ከተሞች ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1934 በሚኔሶታ ሰማያዊ መስቀል የዚህ ዓይነት ዕቅድ ምልክት ሆኖ ተሣለ፤ ብሉ ክሮስ የሚባለውም ስም ከዚያ የመጣ ነው። ዕቅዱ ግን ያለ ጉድለት አልነበረም። ከመምህራኑ ጥቅም ሌላ የሆስፒታሉንም ሣጥን ለመሙላት የታሰበ ነበር። በኋላም የመድን ነገር ከሥራ ጋር እጅግ ስለ ተጣበቀ፣ በዚያ አገር ሥራውን ያጣ ሰው መድኑንም አብሮ የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ሆነ። ይህም ከመልካሙ ጋር አብሮ ሊታወስ ይገባል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ የንግድ ቤት እንመለስ። አንድ መጋዘን ጠባቂ ወይም ሾፌር ታሞ የቀዶ ጥገና ሕክምና ቢታዘዝለት የሚደረገው የታወቀ ነው። ባለቤቱ ርኅሩኅ ከሆነ ከኪሱ ይሰጣል፤ አለዚያም በደመወዝ የሚቆረጥ ብድር ይፈቅዳል፤ ባልደረቦቹም ወረቀት አዙረው ያዋጣሉ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን የወገን ፍቅር ነው። ሆኖም ለባለቤቱ ቅርብ የሆነው ሠራተኛ ብዙ ሲያገኝ፣ በክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ ያለው ምንም ሳያገኝ ይቀራል። ወጪውም የሚመጣበት ቀን አይታወቅም፤ ምናልባት የጉምሩክ ቀረጥ በሚከፈልበት ሳምንት ይደርሳል። ሠራተኛው ደግሞ ከሕመሙ ከዳነ በኋላ ለብዙ ወራት ከነዕዳው ይሠራል።

ሕጉስ ምን ይላል ቢባል፣ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚያስፈልገውን ሕክምና አሠሪው ይከፍላል። ከሥራ ጋር ላልተያያዘ ሕመም ግን የሕመም ፈቃዱ ደመወዝን እንጂ የሐኪሙን ሒሳብ አይሸፍንም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ በኋላ የወጣውም ደንብ ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲከፈል ደነገገ። ይሁን እንጂ አዋጁ ከወጣ በኋላ ሳይሠራበት ብዙ ዓመታት አለፉ። የመንግሥትን መድን እየጠበቀ ባዶ እጁን የተቀመጠ ነጋዴ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የታመሙ ሠራተኞቹን በምጽዋት ሲያስታምም ኖሯል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት በራሱ ሊጀምረው የሚችል ሥራ አለ፤ እሱም መዝገብ መያዝ ነው። ለምሳሌ ያህል 40 ሠራተኞች ያሉት አንድ አስመጪ በሦስት ዓመት ውስጥ ለሠራተኞቹ ሕክምና በስጦታም በብድርም 180,000 ብር አወጣ እንበል። ይህ በዓመት 60,000፣ በአንድ ሠራተኛ በዓመት 1,500፣ በወርም 125 ብር ነው። አስመጪው ይህን ቁጥር በእጁ ይዞ ወደ መድን ኩባንያ ሲሄድ፣ የተጠየቀው ዓረቦን ውድ ወይም ርካሽ መሆኑን ለመመዘን ይችላል። ቁጥሩን የማያውቅ ግን የነገሩትን ይከፍላል፤ የዕቃውን መግዣ ሳያውቅ መሸጫውን እንደሚተምን ሰው ነው።

መድን ኩባንያዎች የሚያቀርቡት ውል ብዙ አንቀጽ አለው። ውሉ ተኝቶ መታከምን ብቻ ነው ወይስ ተመላላሽ ሕክምናንም ይሸፍናል? ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ይቆጠራል? የትዳር ጓደኛና ልጆች ይገባሉ? ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ስንት ነው? ውሉን የሚሸጠው ወኪል ኮሚሲዮኑን የሚያገኘው ከሽያጩ ስለሆነ፣ ነጋዴው በራሱ በኩል ቆሞ ውሉን ቃል በቃል የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው የሥዕል ፊደል ለማያውቀው ዘበኛም፣ ዲግሪ ላለው ሒሳብ ሹምም በየልኩ ማስረዳት አለበት። የማንንም ሕመም ለማንም እንዳያወራም ያስፈልጋል። ሃያ ዓመት በክፍል ውስጥ የቆመ መምህር የተማሪውን የቤት ችግር ሰምቶ በሆዱ መያዝን፣ አንዱን ነገር በአራት መንገድ ማስረዳትን፣ መዝገቡን በየቀኑ መሙላትን ለምዷል። የጎደለው የመድን ሕግና የውል ክርክር ዕውቀት ነው፤ ይህም በጥቂት ወራት ትምህርት የሚገኝ ነው። ትዕግሥትና ታማኝነት ግን በጥቂት ወራት አይገኙም።

በዚህ አሳብ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ነጋዴው በተሻለ ደመወዝ መምህራንን ከክፍላቸው ቢወስድ፣ የነገውን ሠራተኛ ማን ያስተምራል የሚል ነው። ተቃውሞው ከባድ ስለሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። የንግድ ቤቶች በማስተማር ላይ ያለውን መምህር ከማባበል ይልቅ፣ በራሳቸው ምክንያት ሥራውን የተዉትንና በ60 ዓመት ዕድሜ ጡረታ የወጡትን ቢፈልጉ ይመረጣል። ጡረተኛ መምህር በሳምንት ሁለት ቀን ቢሠራ እንኳ የአንድ መካከለኛ ንግድ ቤት መዝገብ ለመያዝ ይበቃዋል። አበሉ ግን የታወቀ ደመወዝ እንጂ በተሸጠ ውል ልክ የሚታሰብ ኮሚሲዮን መሆን የለበትም፤ አለዚያ የሠራተኞቹ ጠበቃ መሆኑ ቀርቶ የሻጩ ወኪል ይሆናል።

ሦስትና አራት ሠራተኞች ያሉት ባለሱቅስ ምን ያድርግ? ለእንዲህ ያለው አነስተኛ ቤት የአንድ ሰው ከባድ ሕመም የዓመቱን ትርፍ ይወስዳል፤ ብቻውን ሆኖ ስሌት ቢያሰላም ቁጥሩ አያስተማምንም። የእሱ መድኃኒት መተባበር ነው። በአንድ ገበያ ያሉ ሠላሳ ባለሱቆች ሠራተኞቻቸውን በአንድ ዝርዝር ቢያስገቡ፣ አንድ መምህር በጋራ ቢቀጥሩ፣ ከመድን ኩባንያም ጋር እንደ አንድ ትልቅ ቤት ሆነው ቢዋዋሉ፣ ዛሬ ብቻውን ሲጠይቅ የማይሰማው ባለሱቅ ይሰማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው። የንግድ ምክር ቤቶችም አባሎቻቸውን በየገበያው አሰባስበው ይህን ዝርዝር ቢያስጀምሩ፣ ከተቋቋሙለት ዓላማ ጋር የሚስማማ ሥራ ይሆናል።

ነጋዴው ይህን ሁሉ እንደ ባዕድ ነገር ሊያየው አይገባም። ለቀብር ዕድር የሌለው ነጋዴ በኢትዮጵያ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ በየወሩ ያዋጣል፣ ቀሪውን ይቀጣል፣ ጸሐፊውም መዝገብ ይይዛል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው፣ ንፍሮው የሚቀቀለው ገንዘቡ ቀድሞ ስለ ተዋጣ ነው። ሠራተኛው በሕይወት ሳለ እንዲታከም ያንኑ ብልሃት መጠቀም ምን ያስቸግራል? እስከ መጪው የሒሳብ መዝጊያ ድረስ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ያለፈውን ዓመት የሠራተኞቹን የሕመም ቀንና የሕክምና ወጪ በአንድ ገጽ ላይ ቢያስጽፍ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ያንንም ገጽ የሚጽፍ ታማኝ ሰው ሲፈለግ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ራሱን ፊደል ያስቈጠረውን መምህር ያስብ።