ሸሚዙን ያወለቀ ነጋዴ

በቲክቶክና በቴሌግራም የሚመላለሰው ማስታወቂያ መልኩ አንድ ነው። በግራ በኩል ቦርጩን ነፍቶ፣ ትከሻውን ጥሎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ የቆመ ሰው። በቀኝ በኩል ያው ሰው ሆዱ ተከፋፍሎ፣ ቆዳው አብረቅርቆ፣ ጥርሱን ገልጦ። በመሐል «90 ቀን» ይላል። ከሥር ደግሞ «የቀረው ቦታ ለ5 ሰው ብቻ ነው፤ ዋጋ በኢንቦክስ»። ትናንትም የቀረው ለ5 ሰው ነበር፤ የዛሬ ሳምንትም ለ5 ሰው ይቀራል።

በሁለቱ ፎቶዎች መካከል 90 ቀን ማለፉን ያረጋገጠ ማንም የለም። እንዲህ ላለው ለውጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊበቃ ይችላል። ጠግቦ በልቶ፣ ሆድን ነፍቶ፣ ከፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን መነሣት፤ ከዚያ ፀጉርን ተላጭቶ፣ ጡንቻው ደም እስኪሞላ ፑሽአፕ ሠርቶ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ሆድን ወጥሮ፣ መብራቱን ከላይ አድርጎ መነሣት። ረቀቅ ያለው ዘዴ ደግሞ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ሰው ጥቂት ወራት አቁሞ ሲወፍር «የበፊቱን» ፎቶ መነሣት ነው። አንዴ የተገነባ ጡንቻ ከዜሮ ከመጀመር ይልቅ በጣም ፈጥኖ ይመለሳል። ፎቶው አልዋሸም፤ ታሪኩ ግን ዋሽቷል።

ተስፋውን በሒሳብ መፈተሽ ይቻላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። «በ30 ቀን 10 ኪሎ» የሚለው አሰልጣኝ በየቀኑ ከ2,500 ካሎሪ በላይ ጉድለት እያዘዘ ነው ማለት ነው። ይህ አንድ መካከለኛ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው ሙሉ ምግብ ያህል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ሦስትና አራት ኪሎ ሲወርድ ደንበኛው ይደነቃል፣ ምስክርነቱንም ይጽፋል። የወረደው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው፤ በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ሲያልቅ አብሮት የያዘው ውሃም ይወጣል። ምስክርነቱ የተጻፈው በዚያ ሳምንት ነው። በሦስተኛው ወር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ስለ ጡንቻው የሚነገረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ሻለንደር ባሲንና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት አለ። 43 ጤነኛ ወንዶችን በአራት ቡድን ከፈሉ። ለ10 ሳምንት ሁለቱ ቡድኖች በየሳምንቱ 600 ሚሊግራም ቴስቶስተሮን ተወጉ፤ ሁለቱ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተወጉ። ከየወገኑ አንዱ ቡድን ክብደት ሲያነሣ ሌላው ምንም ስፖርት አልሠራም። ያለ መድኃኒት ብረት ሲያነሡ የከረሙት ከስብ ውጪ ያለው ክብደታቸው በአማካይ 2 ኪሎ ገደማ ጨመረ። መርፌውን ተወግተው ቁጭ ያሉት 3 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ጨመሩ። ሁለቱንም ያደረጉት ከ6 ኪሎ አለፉ። ቁጭ ያለው ከሠራው በልጧል ማለት ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ሰውነቱን እንደ ማስረጃ አድርጎ «በዚህ ፕሮግራም ነው የመጣሁት» ሲል፣ ያ ሰውነት የፕሮግራሙ ውጤት ይሁን የመርፌው ከፎቶ የሚለይ ሰው የለም። ተከታዩ ጂም ገብቶ በስድስት ወር ያንን ሳይመስል ሲቀር የሚጠረጥረው መርፌውን አይደለም፤ ራሱን ነው።

ይህ ዝም ብሎ ጥርጣሬ አለመሆኑን አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ የሚኖረው ብራያን ጆንሰን አሳይቷል። ራሱን «ሊቨር ኪንግ» (የጉበት ንጉሥ) ብሎ የሰየመ፣ ጺሙን ያስረዘመ፣ ክረምት ከበጋ ሸሚዝ የማይለብስ ሰው ነው። ጥሬ ጉበት እየበላ፣ ሰንሰለት እየጎተተ፣ «የጥንት አባቶች አኗኗር» እያለ ይሰብክ ነበር። ስብከቱ እንቅልፍን፣ ፀሐይን፣ ብርድን ሁሉ በሥርዓት የሚደነግግ ነበር። ጎን ለጎን ደግሞ የደረቀ የከብት ጉበት በእንክብል ይሸጣል። ስቴሮይድ ትወስዳለህ ወይ ሲባል በተደጋጋሚ ክዷል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ግን ለአንድ አማካሪ የጻፈው ኢሜይል ወጣ፤ ለሆርሞንና ለመሰል መድኃኒቶች በወር ከ11,000 ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ይናገራል። ብዙም ሳይቆይ በቪዲዮ ቀርቦ መዋሸቱን አመነ። በእርግጥ ጥንታውያን አባቶች እንደዚያ ያለ በጀት አልነበራቸውም። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ተከታዩ አልተበተነም፣ የእንክብሉ ገበያም አልተዘጋም።

ንግዱ አዲስ አይደለም። ጣሊያን ተወልዶ ኒው ዮርክ ያደገው ቻርለስ አትላስ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርቱን በፖስታ ይሸጥ ነበር። ማስታወቂያው ባሕር ዳርቻ ላይ ጉልበተኛ አሸዋ የበተነበትን ቀጭን ልጅ ታሪክ በካርቱን የሚያሳይ ነው። ይሸጥ የነበረው ልምምድ ብቻ ሳይሆን ከውርደት መውጣትም ነበር። ፖስታው ኢንቦክስ ሆነ እንጂ ዕቃው ያው ነው።

ልዩነቱ ዛሬ «የግል ክትትል» የሚል ቃል መጨመሩ ነው። ዋጋውን የሚሰቅለውም ይኸው ቃል ነው። አንድ አሰልጣኝ 200 ደንበኛ አለው እንበል። ለእያንዳንዱ በሳምንት ሩብ ሰዓት ብቻ ቢሰጥ 50 ሰዓት ይሆናል። ይህ ቪዲዮ መቅረጹን፣ ማስታወቂያ መልቀቁን፣ የራሱን ሁለት ሰዓት ጂም ሳይጨምር ነው። ስለዚህ ወይ ክትትሉ የለም፣ ወይ የሚከታተለው ሌላ ሰው ነው፣ ወይም ሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ፋይል ተልኮለታል። የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 ብሪታኒ ዶን በተባለች የኢንስታግራም አሰልጣኝ ላይ የመሠረተው ክስ የሚተርከው ይህንኑ ነው። ክሱ እንደሚለው ደንበኞች ለየግላቸው የተዘጋጀ የአመጋገብና የስፖርት ዕቅድ ብለው ከ92 እስከ 300 ዶላር ከፍለው ተመሳሳይ ዕቅድ ይደርሳቸው ነበር፤ ለጥያቄያቸው የሚመለሰውም ጥቂት የማበረታቻ ቃል ነበር። ከደንበኞቹ መካከል የአመጋገብ ሕመም ያለባቸውና ይህንኑ የነገሯት ሴቶች ነበሩ፤ መብላት ለሚያስፈራት ሴት የተላከላት ግን ምግብ የሚቀንስ ዕቅድ ነው። ጉዳዩ በ2023 በ400,000 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። እዚህ ላይ ገንዘቡ ቀላሉ ነገር ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይጨምራል። በአማርኛ የሚሸጡት ብዙ «ፓኬጆች» ከእንግሊዝኛ የተገለበጡ ለመሆናቸው ምግባቸው ይመሰክራል። ቁርስ ኦትስ ከብሉቤሪ ጋር፣ ምሳ ሳልመን ከብሮኮሊ፣ መክሰስ የግሪክ እርጎ። ይህን የሚከፍለው በወር ደመወዙ ቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈውን የሚቆጥር ወጣት ነው። ከደንበኞቹ ብዙው ደግሞ ከዓመቱ ግማሽ የሚጠጋውን በጾም የሚያሳልፍ ሕዝብ ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ «6 የእንቁላል ነጭ» የሚለው ፋይል ምንም አይለውም። ሽሮና እንጀራ «ካርብ» ተብለው ተወግዘዋል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዳለው ግን አይነገርም፤ ምክንያቱም ምስር የቅናሽ ኮድ የለውም። ከምስር ኮሚሽን የሚከፍል የለም፣ ከፕሮቲን ዱቄት ግን አለ።

ከዱቄቱ የባሰውም አለ። «ከተፈጥሮ ዕፅዋት የተቀመመ» እየተባለ የሚሸጠው የቦርጭ ማጥፊያ ሻይና ቡና ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር፤ በልብ ድካምና በስትሮክ ሥጋት የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «ተፈጥሯዊ» በተባሉ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ይኸው መድኃኒት ተደብቆ እየተገኘ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ስለዚህ በዱባይ በኩል በሻንጣ የመጣ፣ ላዩ ላይ ቅጠል የተሣለበት ፓኬት «ጠጣሁትና ምግብ አስጠላኝ» ሲያሰኝ፣ ያ የጥራቱ ማረጋገጫ ሳይሆን የመጀመሪያው የአደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል። ደም ግፊቷን ለክታ የማታውቅ እናት ልጇ ከውጭ ስለላከችላት ብቻ ትጠጣዋለች። ቲክቶክ ላይ የሸጠላት ልጅ በክፋት ላያደርገው ይችላል፤ እሱም የሚያውቀው ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሰው ስፖርት አይሥራ ወይ?» የሚል ይኖራል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ይህ ፈጣን እርምጃ፣ ደረጃ መውጣት፣ ፑሽአፕ ነው። ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ወጥተው የሚወርዱት ሰዎች ያለ ማንም ፓኬጅ ያሟሉታል። ችግሩ ይህ እውነት ለመሸጥ የማይመች መሆኑ ነው። በነጻ የሚገኝ፣ በቀስታ የሚሠራ፣ በፎቶ የማይታይ ነገር ማን ይገዛል? የሚሸጠው በአቋራጭ የሚታየው ነው። ገዢው አቋራጩ ሳይሠራለት ሲቀር ደግሞ መንገዱንም አብሮ ይተወዋል። ከሁሉ የሚያስቆጨው ኪሳራ ይህ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከፍሎ ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው «እኔ ዲሲፕሊን የለኝም» ብሎ ደረጃውንም አይወጣም።

«ዲሲፕሊን» የምትለዋ ቃል ራሷ ልዩ ትኩረት ትፈልጋለች። ቪዲዮው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሚጮህ ማንቂያ ነው። ቀጥሎ የበረዶ ውሃ፣ ጥቁር ቡና፣ ባዶ ጂም፣ መኪና፣ የዱባይ ፎቆች። መልእክቱ «አንተ ተኝተህ ሳለ እኔ ሠራሁ» ነው። ግን ሰውየው ሲያሠለጥንም፣ ሲተኛም፣ ሲበላም ደመወዙን እየሠራ ነው፤ ሰውነቱ ሱቁ ነው። ቃሊቲ ፋብሪካ ፈረቃ ከሚገባ፣ ወይም ዋሽንግተን ዲሲ 12 ሰዓት መኪና ሲነዳ ከሚውል ሰው ጋር በዲሲፕሊን መወዳደሩ ፌዝ ነው። መኪናውም ቢሆን ከስፖርት ፓኬጅ የመጣ ላይሆን ይችላል። በዚህ ንግድ ውስጥ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ዕቃ አለ፤ «እንዴት ኦንላይን አሰልጣኝ ሆነህ በወር ይህን ያህል ዶላር ትሠራለህ» የሚል ኮርስ ነው። ያንን የሚገዛው የትናንቱ ደንበኛ ነው። እሱም በተራው ሸሚዙን አውልቆ ይቀርባል፣ ለሚመጣውም ያንኑ ፋይል ይልካል። ቦርጭ የማጥፋቱ ጉዳይ በመሐል የት እንደገባ የሚያስታውስ የለም።

ሐቀኛ የኦንላይን አሰልጣኝ የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ጂም ለመግባት የምታፍር ሴት፣ በባዕድ ከተማ ቋንቋ የሚቸግረው ሰው፣ ከወሊድ በኋላ ከቤት መውጣት ያልቻለች እናት በስልክ ቢመከሩ ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለው አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ስኳር፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ጉልበት ሕመም ነው፤ ሐኪም ማየት ያለበትንም ወደ ሐኪም ይልካል። ሃያ ደንበኛ ይዞ ሃያ አንደኛውን «አሁን አልችልም» ይላል። ማስታወቂያው አሰልቺ ስለሆነ ግን ቲክቶክ አያሳየውም።

«አሰልጣኝ» የሚለው ቃል በዚህ አገር ክብር ነበረው። ሃንጋሪ ተምረው የመጡት ዶ/ር ወልደመስቀል ኮስትሬ አሰልጣኝ ይባሉ ነበር። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ አትላንታ ላይ ወርቅ ያመጡት በእሳቸው እጅ ነው። ሸሚዛቸውን አውልቀው ያየ የለም፤ የሚመዘኑት በሯጮቻቸው ሰዓት ነበር። የዛሬው ሚዛን ተገልብጦ አሰልጣኙ በራሱ ሆድ ይመዘናል፣ የደንበኛው ውጤት ግን ከየት ይታያል? የሚለጠፈው ያማረው ብቻ ነው። አንድ ሺህ ሰው ገዝቶ አሥሩ ቢለወጡ አሥሩ ፎቶ ለአንድ ዓመት ማስታወቂያ ይበቃሉ፤ 990ው ዝም ይላሉ፣ ብዙዎቹም ከኀፍረት።

በሕግ በኩል የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም አለ። ሁለቱም ግን ሊከሰስ የሚችል ስምና አድራሻ ያለው ሻጭ ይፈልጋሉ። ገንዘቡ በቴሌብር ወደ አንድ ግለሰብ ስልክ ገብቷል፣ ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም፣ ክርክሩ ሁሉ ያለው በኢንቦክስ ነው። ደንበኛዋ «አልሠራልኝም፣ ገንዘቤን» ስትል መጀመሪያ «ፕሮግራሙን በደንብ አልተከተልሽም» ትባላለች። ሁለተኛ ስትጽፍ ትታገዳለች።