ስምንተኛዋ ኮከብ

«ይህንማ ኮምፒውተር ነው የሠራው» የሚል አስተያየት በሰማሁ ቁጥር አንድ ደቂቃ ያህል የምትረዝም የፊልም ትዕይንት ትዝ ትለኛለች። የምትገኘው እ.ኤ.አ. በ1982 ለእይታ በበቃው «ስታር ትሬክ 2፦ የካን ቁጣ» ውስጥ ነው። ሕይወት አልባ፣ ድንጋያማ ዓለም በጠፈር ላይ ተንሳፍፋ ትታያለች። ተወንጫፊ መሣሪያ ያርፍባታል፤ እሳት ገጽዋን ያዳርሳል፤ ከእሳቱ ተራሮች ይወለዳሉ፤ በመጨረሻም ውኃና ልምላሜ ለብሳ ምድራችንን ትመስላለች። ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ተሠርተው በረጅም ፊልም ውስጥ ከገቡ ትዕይንቶች ቀዳሚዋ እንደሆነች ይነገርላታል።

የሠሯት ግን በሉካስፊልም የኮምፒውተር ክፍል የነበሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። አልቪ ሬይ ስሚዝ መራቸው። ሎረን ካርፔንተር ትንሹ ስብራት የትልቁን ቅርጽ በሚደግምበት በፍራክታል ሒሳብ ተራሮቹን አበቀለ። ቢል ሪቭስ እሳቱን አነደደ፤ እሳት ለእርሱ አንድ አካል ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የራሱ ልደት፣ ጉዞና ሞት ያለው የእልፍ አእላፍ ብናኝ ጉባኤ ነበር። ሌሎችም የየድርሻቸውን አዋጡ። በሥራው መካከል የካሜራው መንገድ ተራራ ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ሲታወቅ፣ ተራራውን ሸለቆ አወጡለትና አሳለፉት። ተራራው ለመንገዱ ቦታ ለቀቀ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነኩት ግን ከዋክብቱ ናቸው። በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ እንዲሁ ቢበትኑ ማን ይጠይቃቸው ነበር? እነርሱ ግን የእውነተኛ ከዋክብትን መዝገብ ይዘው፣ ከእኛ 12 የብርሃን ዓመት ያህል ከምትርቀው ከኤፕሲሎን ኢንዲ አቅራቢያ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ሰማዩ ምን እንደሚመስል አሰሉ። ከዚያ ሲታይ፣ በሰሜን ሰማያችን በጭልፋ ቅርጽ በተደረደሩት ሰባት ከዋክብት ላይ አንዲት እንግዳ ትጨመራለች። ስምንተኛዋ የእኛው ፀሐይ ናት።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ማምሻውን ሒሳብ ሲዘጋ የአንድ ብር ልዩነት ቢገኝ ከኪስ አውጥቶ መተካት ይቀላል። ሆኖም ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ልባችን አያርፍም። ስለዚህ ማንም የማይቆጥራትን ኮከብ በትክክለኛ ቦታዋ ያስቀመጡትን ሰዎች በሩቁም ቢሆን የማውቃቸው ይመስለኛል።

ግጥምም እሞክራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት ሆነን አንድ መድበል ለማሳተም ተነሣን። ግጥሞቹ ተሰበሰቡ፤ ለማተሚያ የሚሆነው ገንዘብም ተዋጣ። የቀረው በሽፋኑ ላይ የማን ስም ይቅደም የሚለው ብቻ ነበር። በፊደል ተራ ይሁን ተባለ። በፊደል ተራ ከሆነ የአንዱ ሰው ስም መጨረሻ ላይ ይውላል፤ ያም ሰው አሻፈረኝ አለ። ውድ አንባቢ፣ ያ ሰው እኔ ነበርሁ። መድበሉ እስከ ዛሬ አልታተመም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ለማበር እያንዳንዱ ክር ምን መተው እንዳለበት አይነግረንም። በእኔ እምነት የጋራ ሥራ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ማንም በማያይበት የራስ ድርሻ ላይ እውነተኛ መሆንን፣ ሁሉም በሚያይበት ሽፋን ላይ ደግሞ ትንሽ መሆንን መቀበል። ኪነ ጥበብ የብቸኛ ሰው ልጅ ናት የሚሉ ወዳጆቼ ይህን ቢያስተውሉ እወዳለሁ። እኛን እያሞቀች ቀናችንን የምትገዛው ፀሐይ እንኳ ከሩቅ ሲያዩዋት ከስምንቱ አንዷ ናት፤ ብርሃንዋ ግን በዚህ አልጎደለም።

ረቂቁ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ነገ ለአራቱም እደውላለሁ፤ ስሜ መጨረሻ ላይ ይጻፍ።