አል አይን ላለ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለ ፎቅ መኪና ማቆሚያ ይሠራ ወይስ አይሠራ?

ይሠራ

በሐምሌ ቀትር የአል አይን ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ጥላ በሌለው አስፋልት ላይ የዋለ መኪና መሪው አያስነካም። ተማሪዋ ሞተር አስነስታ፣ ኤሲ ከፍታ፣ እስኪበርድ ውጭ ትቆማለች፤ መኪናው ንቅንቅ ሳይል ነዳጅ ይቃጠላል። ሜዳ ላይ አንድ መኪና ከነመተላለፊያው ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይይዛል። አራት ወለል ላይ ብንደራርበው ከመሬቱ አራት እጅ ሦስቱ ለዛፍና ለእግረኛ ይተርፋል።

የምለው የታፈነ ሕንፃ አይደለም። ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ጭሱን ነፋስ ያውጣው፤ ለማራገቢያ የሚከፈል መብራት አይኖርም። ወለሉ ተዳፋት ሳይሆን ሜዳ ሆኖ መወጣጫው ለብቻው ይሠራ፣ ከፍታውም ይጨመር፤ መኪና የቀነሰ ዕለት ቤተ ሙከራ ይሆናል። አል አይን ያለችበት የአቡ ዳቢ ኤሚሬት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እስቲዳማ በተባለው ፕሮግራም ሕንፃን በሉል ደረጃ ትመዝናለች፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ከሁለት ሉል በታች አይፈቀድለትም። በአቡ ዳቢው ማስዳር ከተማ የማስዳር ኢንስቲትዩት ግቢም በዚያው ዓመት ሲከፈት መኪናን ዳር አስቁሞ ሰውን በጠባብ፣ ጥላ ባለው መንገድ አስኬዷል።

አይሠራ

ባልደረባዬ ማስዳርን ካነሱ እኔም እዚያው ልቆይ። ተማሪው መኪናውን ዳር ትቶ ሾፌር በሌላት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ከሕንፃዎቹ ሥር ይገባ ነበር። ዕቅዱ ማስዳር ከተማን ሁሉ የሚያዳርስ ነበር፤ ተሠርቶ ሰው ያጓጓዘው ግን 10 ተሽከርካሪና 2 ጣቢያ ብቻ ነው። ማቆሚያው ተሠርቶ መጓጓዣው ተቆረጠ። እኔን የሚያሰጋኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው፤ ኮንክሪት አንዴ ከፈሰሰ ወዲያ ገንዘብ ያጠረ ጊዜ የሚቀነሰው አውቶቡሱ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ከዓለም የካርቦን ልቀት 7 በመቶ ያህሉን ይይዛል።

በጣሪያ ላይ የሚተከለውን ሶላርም እናስላው። አራት ወለል ብንደራርብ ፀሐይ የሚያገኘው አንድ ጣሪያ ነው። እነዚያኑ መኪኖች ሜዳ ላይ አቁመን በሶላር ዳስ ብንሸፍናቸው ፓነሉ አራት እጥፍ ይሰፋል፤ መኪናውም ጥላ ያገኛል። የብረት ዳስ ሲበቃን ቡሎኑ ተፈትቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። አል አይን ፈለጅ በተባለው የመስኖ ቦይ ውሃ ተምር ያበቀለች፣ ዝቅ ብላ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ መሬት አላጠራትም።

አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2009 መዋቂፍ በተባለው ሥርዓት የመንገድ ዳር ማቆሚያን ማስከፈል ጀምራለች። ግቢውም መጀመሪያ ያስከፍል፤ ከአቡ ዳቢ ከተማ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚመላለሰው ተማሪ አስተማማኝ አውቶቡስ ይመድብ። የፎቁ ንድፍ የሚታየው ከዚያ በኋላ የሚቀረው መኪና ተቆጥሮ ነው።