ጀምበር በመንዝ

አንባቢ ሆይ! በእኛ በመንዝ ብርድ ጋቢ የሚደረበው ለሙቀት ብቻ አይምሰልዎ፤ ባለፈው ሳምንት ከአንድ ተማሪዬ ጋቢ ሥር በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ አገኘሁ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የብስራት ደበበ «ጀምበር» ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይነበባል። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 እንደ ተወለደው እንደ አሜሪካው ሱፐርማን ከሌላ ዓለም የመጣ ሳይሆን፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት የአገራችን ልጅ ነው። ልዩ ኃይሉን ያገኘው ኋላ ነው።

መጽሐፉን ልነጥቅ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ክርክራቸው ያዘኝ። አንዱ «ይህን ኃይል አንድ ቀን ባለቤቱ መጥቶ ይጠይቀዋል» ሲል፣ ሌላው «አንተ መጀመሪያ የሴቷን ጀግና የ‹ሀዊ›ን ታሪክ አንብብና ተከራከር» ይለዋል። እኔም ሳላስበው ከመካከላቸው ገባሁ።

ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ እጅዋን አወጣችና፦

«ቲቸር፣ ኃይሉን ባያገኝ ኖሮ ሥራ ያገኝ ነበር?» አለችኝ።

ወንድሟ ዲግሪውን ይዞ ከተመለሰ ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ የአባቱን በጎች ይጠብቃል። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። እኔም ጠመኔዬን እንደ ያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

መጽሐፉን መለስሁላቸው። አሁን የምጠብቀው ተራዬን ነው፤ ከፊቴ አራት ልጆች አሉ።