የተገጠመ መዳፍ፣ የተዘረጋ መዳፍ

በስልክ የምንላላካቸው ሥዕሎች፣ ኢሞጂ የሚባሉት፣ የዓለም ሁሉ የጋራ ቋንቋ ሆነዋል ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። ሥዕሉ አንድ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አገር የሚያነበው በገዛ እጁ ልማድ ነው።

ሁለት መዳፎች የተገጠሙበትን ሥዕል እንውሰድ። ኢሞጂ የተወለደው በጃፓን ነው፤ ስሙም «ሥዕል» እና «ፊደል» ከሚሉ የጃፓንኛ ቃላት የተገኘ ነው። በዚያ አገር መዳፍ መግጠም ምስጋናም ልመናም ይቅርታም ነው፤ ማዕድ ሲቀርብም ይደረጋል። በአሜሪካ ደግሞ ሁለት ሰዎች በደስታ መዳፋቸውን ያጋጩ የመሰላቸው አሉ።

ወደ ወሎ ቦረና፣ ወደ መካነ ሰላም ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ምርቃት የሚቀበል ሰው መዳፉን አይገጥምም፤ ወደ ላይ ዘርግቶ «አሜን» ይላል። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲያልፍ ሽማግሌው ይመርቃሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ይዘረጋል። ሊቀበል የተዘጋጀ እጅ ነውና ክፍት መሆን አለበት። የተገጠመው መዳፍ ዩኒኮድ ከተባለው የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ የተዘረጋው ግን በ2017 ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ከጅዳ ሆና የእናቷን ምርቃት «አሜን» ልትል የፈለገች የቦረና ልጅ፣ ለጸሎት የተሣለ ሌላ እጅ ስለማታገኝ የተገጠመውን ትልክ ነበር። (ፊደላችን እንኳ በ1999 ከመዝገቡ ገብቶ ነበር፤ ስልኳ ካወቀላት «አሜን» ብላ መጻፍ ትችል ነበር።)

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አውራ ጣት ነው። የወሎ ሰው ታላቁን «አንቱ» ይላል፤ አማርኛም ግሡን ሲረባ ማንን እንደሚያናግር ሳይመርጥ አያልፍም። አውራ ጣት አንተም አንቱም የለውም። አጎት ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው፣ መርቀው ሲጽፉ ከከተማ የሚመለስላቸው አንድ ጣት ነው። ላኪው «ደርሶኛል» ማለቱ ይሆናል፤ አጎት ግን የሚያነቡት በር ሲዘጋ ነው።

በሣቅ ብዛት የምታነባዋ ፊትማ የባሰች ናት። እንባዋን ብቻ ያየ ሰው አልቃሽ ናት ብሎ ለቅሶ ለተቀመጠ ቤት ሊልካት ይችላል። ስለዚህ ለታላላቆቻችን፣ ለሐዘንም ለምርቃትም፣ በፊደል እንጻፍ እላለሁ፤ «አሜን» ሦስት ፊደል ናት።