ቦኖው ቆሟል፤ ውሃውን ማን ለካው?

«ፓዌ ደግሞ የውሃ ጥያቄ አለባት እንዴ?» አለኝ ወዳጄ። «በለስ ወንዝ አለላት፣ ዝናቡ አይሰስት፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ቦኖው ቆሟል።»

አንተ የምትቆጥረው ቦኖ ነው፤ የኔ ጥያቄ ከቦኖው ስለሚወርደው ነው አልኩት። የፓዌን ታሪክ ያየ ሰው ሁለቱን አያምታታም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት ከወሎ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከሌላውም አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በቁጥር በተሰየሙ መንደሮች ሰፈረ፤ ወባውና ሌላው በሽታ ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት መጣ፤ ሆስፒታሉም፣ መንገዱም፣ የመጠጥ ውሃውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሠሩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ። አየህ፣ የተቀበረ ቧንቧ ባለሙያው ቢሄድም ይቀራል፤ የውሃ ጥራት ግን በየቀኑ እንደ አዲስ የሚሠራ ነው። ክሎሪን የሚጨምር፣ ናሙና የሚወስድ፣ የፈነዳ መስመር የሚጠግን ሰው ሲጠፋ ውሃው መውረዱን አያቆምም። አደጋውም እሱ ነው፤ ቢቆምማ ሁሉም ይጮህ ነበር።

«የጉድጓድ ውሃ እኮ ነው፤ ኩልል ያለ!» አለ።

ኩልል ማለቱን ማን ካደ? ባንግላዴሽም የኩሬ ውሃ ሕፃናቷን ስለጨረሰባት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ጉድጓድ አስቆፈረች፤ ከብዙዎቹ የሚወጣው ጥርት ያለ ውሃ አርሰኒክ የተባለ መርዝ እንዳለበት የተነቃው በ1990ዎቹ ነው። በኛም ስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ በኩል፣ ጥርስ የሚያበልዘውና አጥንት የሚያጎብጠው ፍሎራይድ የሚመጣው ከከርሰ ምድር ነው። ፓዌ ከስምጥ ሸለቆ ውጭ ናትና ቀዳሚው ስጋቷ ይህ ነው አልልህም። የሷ ጠላት ተራ ነው፤ ዓይነ ምድር። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሜዳ ላይ የተጣለውን ጠራርጎ ወደ ወንዙና ወዳልታጠረ ምንጭ ያወርደዋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ የመስመሩ ግፊት ይወድቃል፣ በስንጥቁ በኩል የውጭው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከቦኖው ንጹሕ ሆኖ የተቀዳውም ጄሪካን ውስጥ ወይም ጣሳ ላይ ሊበከል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው የዓይነ ምድር ጀርም ጭራሽ አይገኝ ይላል፤ ይህን ዓይን አይለየውም። ይኸው ድርጅት ከዩኒሴፍ ጋር ባወጣው ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ቢያንስ መሠረታዊ የሚባል የውሃ አገልግሎት ሲያገኝ፣ ደህንነቱ በተጠበቀ አገልግሎት የሚጠቀመው ግን 13 በመቶ ገደማ ነበር። ርቀቱና መቆራረጡ እንዳለ ሆኖ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ብክለትም አለ።

«እንግዲያው አፍልቶ መጠጣት ነዋ!»

ጀርሙን ይገድላል፣ እውነት ነው። ፍሎራይድንና ናይትሬት የሚባለውን ጨው ግን እሳት አያጠፋቸውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ይበረታሉ። ደግሞስ በየቀኑ ለመላ ቤተሰብ ውሃ የሚያፈላ ማገዶ ማን ይለቅማል? መልሱን አንተም ታውቀዋለህ፤ እናትና ሴት ልጅ። የፈላው ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ እጅ ቢገባበት ደግሞ የሚከላከልለት ነገር የለም። ክሎሪን ከዚህ የሚለየው ውሃው ውስጥ ቆይቶ ስለሚጠብቅ ነው፤ ቦኖው ጋ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ይቅር የሚባለውም ለዚሁ ነው። እንደ ፓዌ ባለ ቆላ ሙቀቱ ቶሎ ያሳሳዋል፣ የደፈረሰ ውሃም ይበላዋል። ስለዚህ ምንጩ ላይ «ጨምረናል» ማለት አይበቃም፤ የመጨረሻው ቦኖ ላይ መለካት አለበት።

«ክሎሪን ካንሰር ያመጣል ይባላል፤ ሽታውም ያስጠላል» ብሎ ተከራከረኝ። ክሎሪን በውሃው ካለ ብስባሽ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠሩ ጎጂ ውሁዶች መኖራቸው ሐሰት አይደለም። ግን ያ ስጋት የሚለካው በረጅም ዘመን ነው፤ አተት ሰው የሚገድለው በሰዓታት ውስጥ ነው። የጤና ድርጅቱም እነሱን እቀንሳለሁ ብሎ ማከምን ማላላት አይገባም ባይ ነው።

ገንዘቡንም አነሳ። ክሎሪን መኖሩን ማወቅ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ ናሙናው ላይ አንዲት ኪኒን ተጥላ ውሃው ወደ ሮዝ ሲቀየር ማየት ነው። የጀርምና የናይትሬት ምርመራው በየተወሰነ ጊዜ ይደረግ፤ ይቺን ግን የውሃ ኮሚቴው ራሱ ያደርጋታል። የፓዌ የውሃ ኮሚቴዎች ሆይ፣ በየሳምንቱ ለኩ፤ ውጤቱንም ከነቀኑ ቦኖው ላይ ለጥፉት።