አዛውንቱን ማን ጠየቃቸው?

በአማርኛ «መጠየቅ» ሁለት ትርጉም አለው። የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጠየቃል፤ ይጎበኛል ማለት ነው። ሐሳቡን የምንፈልገው ሰውም ይጠየቃል። አዛውንቶቻችንን በፊተኛው ትርጉም እንጠይቃቸዋለን። በዓል ሲደርስ ዘይት፣ ዱቄትና ብርድ ልብስ ይዘን፣ ካሜራም አስከትለን እንሄዳለን። መስከረም 21 የዓለም አረጋውያን ቀን ሲከበር ደግሞ «የአገር ባለውለታዎች» እያልን ከመድረክ እናወድሳቸዋለን። በሁለተኛው ትርጉም ግን ማን ጠየቃቸው?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?» እያልኩ ተማሪዎቼን አሰለች ነበር። ልማዱ አልለቀቀኝምና ስለ አረጋውያን የሚጻፈውን ሪፖርትም በዚሁ ዓይን አነባለሁ። አረጋውያኑ ይደገፋሉ፣ ይጎበኛሉ፣ ይነሣሉ፣ እንዲሰፍሩ ይደረጋሉ። «መከሩ»፣ «ወሰኑ»፣ «እምቢ አሉ» የሚሉ ግሶች ለሌላ ሰው የተቀመጡ ይመስላል።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ነዋሪው ሲነሣ አብሮ የፈረሰ ነገር አለ። በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ፣ የቡና ሰዓት አልፎ ካልመጡ «ምነው ዛሬ?» ብላ በር የምታንኳኳ ጎረቤት፣ መድኃኒት ገዝቶ የሚመጣ የሰፈር ልጅ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው። ይህንን መረብ ማንም ቢሮ አልሠራውም፤ አዛውንቱ ራሳቸው በአርባ ዓመት የሠሩት ነው። በሰባ አምስት ዓመት ዕድሜ እንደገና ይጀመር ይባላል? ዕድሜ ልክ የከፈሉበትን እድር ትቶ በአዲሱ ሰፈር የመግቢያ ከፍሎ ለገዛ ቀብር እንደገና መመዝገብስ?

የዛገ ቆርቆሮና ሞልቶ የሚፈስ መጸዳጃ ቤት ቅርስ ነው የምል የዋህ አይደለሁም። ከተማ ይታደሳል። ነገር ግን አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ጉልበት ማን እንዳለው የሚነግረን ጉልበቱ የሚያመው ሰው ነበር። ከመንገዱ ዳር ወንበር በስንት እርምጃ እንደሚያስፈልግም እሱው ያውቃል።

«ስብሰባ ተጠርተው ነበር እኮ» ይሉኛል። አዎ፣ ለግንዛቤ ማስጨበጫ! ያለቀ ውሳኔ ሰምቶ፣ አጨብጭቦ፣ ሻይና ቆሎ ቀምሶ ለመመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። ሐሳብ የሚጠየቀው ደግሞ ነገሩ ሳይቆረጥ ነው። ከዚያ በኋላማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«ሽማግሌ ለውጥ አይወድም» የሚሉም አሉ። እድሮቻችንን እዩ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ሲያራቁት ስንት እድር ደንቡን አሻሽሎ ከቀብር አልፎ የታመመ መርዳት፣ ወላጅ የሞተበትን ልጅ ማገዝ ጀመረ! ያንን ደንብ ያሻሻሉት ለውጥ አይወዱም የምንላቸው ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ወረዳው ስለ አረጋውያን ዕቅድ ሲያወጣ ከእድር ዳኛው፣ ከጸሐፊውና ከጡሩምባ ነፊው ይጀምር። ብቻዋን የምትኖረው ማን እንደሆነች፣ የትኛው ደጃፍ ደረጃ እንደሚጥል እነሱ ያውቃሉ። ኮሚቴው ውስጥ አዛውንት፣ በተለይም ሴት አዛውንት፣ ድምፅ ይኑራቸው። መነሣት ግድ ከሆነም ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ እድርም ከነአባላቱ በአንድ ላይ ይዛወር፤ ዕጣ አይበትናቸው። እድሮችም አይቅለላቸው። ድንኳንና ወንበር ለቀብር ካዘጋጁ፣ ከወርሃዊ መዋጮው ጥቂት ቆንጥረው በሕይወት ላለው አባል ደጃፍ መደገፊያ ብረት ቢያስተክሉ ምን ይጎድልባቸዋል?

መስከረም 21 ሲመጣ ብርድ ልብሱን ውሰዱላቸው፤ ብርድ አለ። ወረቀትና እስክሪብቶም ያዙ። የሚሏችሁን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስትመለሱም ካሉት ውስጥ የትኛው እንደተሠራ አሳዩአቸው።